ጀልባው መጣ፣ ሕጉ ቀረ

እኛ ሀገር ዓሣ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰን ጾም ነው። ሁዳዴ ሲገባ «በጾም ይበላል»፣ «የለም፣ አይበላም» የሚለው የቆየ ክርክር በየቤቱ ይቀሰቀሳል፤ የዓሣ ዋጋም ሽቅብ ይወጣል። ፋሲካ ሲደርስ ክርክሩም ዓሣውም አብረው ይረሳሉ። ዓሣውን ማን አወጣው? ከእነማን ጋር ሆኖ አወጣው? ገንዘቡንስ እንዴት ተካፈሉት? ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። መቼም ወደብ የሌለው ሕዝብ ስለ ባህር ሰው ባያስብ አይፈረድበትም።

ቢሆንም ዛሬ ስለ ባህር ሰዎች ላወራችሁ ነው፤ ያውም ስለ ህንድ ባህር ሰዎች። ምክንያት አለኝ። በኬረላ የባህር ዳርቻ ላለፉት ሰባ ዓመታት የሆነው ነገር፣ «ልማት» የሚባለው እንግዳ ወደ ድሃ መንደር ሲመጣ ምን ይዞ እንደሚመጣ፣ ምኑን ደግሞ ቤቱ ትቶ እንደሚመጣ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል። ዓመቶቹን በሙሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ኬረላ የሚለው ስም ለወጣት አንባቢ እንግዳ ሊሆን ይችላል። በንጉሡና በደርግ ዘመን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባ ሰው ግን ሳያውቀውም ቢሆን ያውቀዋል። ሂሳብና ሳይንስ ካስተማሩን ህንዳውያን ብዙዎቹ የመጡት ከዚያ ነበር። እኔንም ሂሳብ ያስተማሩኝ ሰው የኬረላ ተወላጅ ነበሩ። ከመካከላቸው ብዙ ክርስቲያኖች አሉ፤ እንደ እኛው የኦሪየንታል ኦርቶዶክስ ቤተሰብ የሆነችው የማላንካራ ቤተ ክርስቲያን መሪም በ1965 አዲስ አበባ በተደረገው የአብያተ ክርስቲያናቱ ጉባኤ ላይ ተቀምጠዋል። ታዲያ አስተማሪያችን ስለ ሀገራቸው ኮኮናትና ዝናብ፣ ስለ ትምህርት ቤቶቿ ብዙ ሲያወሩ ሰምቻለሁ። ስለ ዓሣ አስጋሪዎቿ ግን አንድ ቀን ትንፍሽ ሲሉ አልሰማሁም። ኋላ ላይ ሳነብ ነገሩ ገባኝ። በዚያ ሀገር የተማረው ቤተሰብና የአሸዋው ላይ ሰው በጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀት ይኖራሉ እንጂ አይገናኙም ነበር። አስጋሪው በዘር ተዋረዱ ዝቅ ያለ፣ «ዓሣ ዓሣ የሚሸት» ተብሎ የሚሸሽ ሰው ነበር።

እስቲ ወደ አሸዋው እንውረድ።

የኬረላ ባህር ዳርቻ ወደ 590 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። ከጫፍ እስከ ጫፍ የአስጋሪ መንደሮች ተደርድረውበታል። በደቡቡ በኩል የሚበዙት ካቶሊኮች ናቸው። ኢየሱሳዊው ፍራንሲስ ዣቪየር በ1544 በዚያ ዳርቻ ሲያልፍ በአንድ ወር ውስጥ ከአሥር ሺህ ሰው በላይ እንዳጠመቀ በደብዳቤው ጽፏል። ይህ የሆነው ከዚያው ከህንድ ተነስቶ የመጣው ክርስቶፎር ዳጋማ በእኛ ሀገር ከግራኝ ጦር ጋር ተዋግቶ፣ ተማርኮ ከተገደለ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ወደ ሰሜን እያሉ ሲሄዱ ደግሞ የሂንዱና የሙስሊም አስጋሪዎች መንደሮች ይመጣሉ።

የደቡቦቹ መርከብ፣ መርከብ ከተባለ፣ ካቱማራም ይባላል። ትርጉሙ «የታሰረ እንጨት» ማለት ነው። ፈረንጆቹ ካታማራን የሚሉት ቃል የተወሰደው ከዚህ ነው። የተጠረቡ ጥቂት ግንዶችን ጎን ለጎን ደርድሮ በገመድ ማሰር፣ አለቀ። ሞተር የለ፣ ሚስማር የለ። ከባህር ሲመለሱ ገመዱን ፈትተው ግንዶቹን አሸዋው ላይ ለማድረቅ ይዘረጓቸዋል። በማግስቱ እንደገና ይታሰራል።

የሰዎቹም ኑሮ እንደዚሁ የተሳሰረ ነበር። አስጋሪው ደሞዝ የሚባል ነገር አያውቅም። ዓሣው ሲሸጥ ገንዘቡ ይከፈላል፤ ለጀልባው ይህን ያህል፣ ለመረቡ ይህን ያህል፣ የቀረው ለወጡት ሰዎች እኩል። ለቤተ ክርስቲያንም የሚወጣ ድርሻ ነበር። ጀልባ ከአሸዋ ሲጎተት እጃቸውን የሰጡ ሽማግሌዎችና አቅመ ደካሞችም ባዶ እጃቸውን አይመለሱም፤ ለወጥ የሚሆን ይጣልላቸዋል። ይህን የደግነት ጉዳይ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ባህር እንደ መሬት አይደለም። ዛሬ መረብ የሚበጥስ ዓሣ ይሰጣል፣ ነገ ምንም። ደሞዝ እከፍላለሁ ያለ ባለ ጀልባ በወሩ ይከስራል። ድርሻ ሲሆን ግን ኪሳራውም ትርፉም ይከፋፈላል። እኛ ዕድሩንና ዕቁቡን ያቋቋምነው ፍቅራችን ሞልቶ ስለፈሰሰ ሳይሆን ሞትና ችግር ሳይነግሩን ስለሚመጡ ነው አይደል? እንደዚያው ነው።

በሰሜኑ በኩል ደግሞ የባህር ሸንጎ አለ። ካዳኮዲ ይሉታል። በቤተ መቅደስ ዙሪያ የሚሰበሰቡ ሽማግሌዎች የመረብና የቦታ ጠብ ይዳኛሉ፤ በዚህ ወቅት በዚህ ዓይነት መረብ አይሠራም ብለው ይወስናሉ። ጠበቃ የለ፣ ቀጠሮ የለ፣ መዝገብ ጠፋ የለ!

ይህን ስል መንደሩ ገነት ነበር ማለቴ አይደለም። በፍጹም። ማንበብና መጻፍ የሚችለው ጥቂት ነበር። ከሁሉም የከፋው ደግሞ የነጋዴው ገመድ ነበር። ክረምት ላይ ባህሩ ሲቆጣ አስጋሪው ይራባል፤ ነጋዴው ያበድረዋል። «ወለድ የለውም» ይለዋል። እውነቱን ነው፣ ወለድ የለውም። ነገር ግን ተበዳሪው ከዚያ ቀን ጀምሮ ዓሣውን ለዚያ ሰው ብቻ፣ ሰውዬው በሚቆርጠው ዋጋ ይሸጣል። ወለዱ ዓሣው ላይ ነዋ! ዕዳው እስካላለቀ ድረስ ገመዱ አይፈታም፤ ዕዳው ደግሞ እንዲያልቅ አይፈለግም።

እዚህ ላይ እንግዳው መጣ።

በ1952 ህንድ፣ ኖርዌይና የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት ተፈራረሙ። በማግሥቱ ዓመት ከኮላም ከተማ በስተሰሜን ባሉት በኒንዳካራና በሻክቲኩላንጋራ መንደሮች ሥራ ተጀመረ። ኖርዌይ በታሪኳ ለሌላ ሀገር ያደረገችው የመጀመሪያው የልማት እርዳታ ይህ ነው። ሐሳቡ ቅን ነበር። ከጦርነት ገና ያገገመች፣ ራሷ የአስጋሪዎች ሀገር የሆነች ትንሽ ኖርዌይ፣ ድሃ አስጋሪ ወንድሞቿን ልትረዳ ተነሳች። ጤና ጣቢያ ሠሩ፤ የመጠጥ ውሃ አስገቡ፤ የበረዶ ፋብሪካ ተከሉ፤ ሞተር ያላቸው ጀልባዎች ሠርተው ለአስጋሪዎች አከፋፈሉ። ጤና ጣቢያውንና ውሃውን ማን ይጠላል?

ቀጥሎ የሆነውን ግን ፕሮጀክቱን የነደፉት ሰዎችም አላሰቡትም። ኬረላ ውስጥ ሽሪምፕ ብዙም ዋጋ ያልነበረው ፍጡር ነበር፤ ከተረፈ ለኮኮናት ዛፍ ማዳበሪያ እስከመሆን ይደርስ ነበር። አሜሪካና ጃፓን መብላት ሲጀምሩ ግን ወርቅ ሆነ። ሽሪምፕ ደግሞ የሚኖረው ወለል ላይ ነው። ወለሉን የሚጠርገው መሣሪያ ትሮል የሚባለው መረብ ነው፤ አፉን እንደ ከረጢት ከፍቶ በሞተር ኃይል የባህሩን ወለል እያረሰ የሚጎተት። ትልቁንም፣ ጫጩቱንም፣ ዕንቁላሉንም ይዞ ይወጣል። ለመንደር ምሳ የታሰበው ሞተር በ1960ዎቹ ለውጭ ምንዛሪ ይሮጥ ጀመር። ዓሣ አይተው የማያውቁ የከተማ ባለሀብቶች ጀልባ መግዛት ጀመሩ። ከአስጋሪዎቹም መካከል ቀደም ብለው ጀልባ የደረሳቸው ባለ ትሮለር ሆኑ። በአንድ ደብር የሚያስቀድሱ፣ በአንድ ጉድጓድ ውሃ የሚቀዱ ሰዎች «ባለ ሞተር»ና «ባለ ግንድ» ተብለው ተለያዩ። ጠቡ ከባዕድ ጋር ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር።

አሁን የሁለቱን ኢንዱስትሪዎች ግጭት ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። በወረቀት ላይ ግጭት የለም። ትሮለሩ ራቅ ብሎ ይሠራል፤ ካቱማራሙ ቀረብ ብሎ። ነገር ግን ሽሪምፑ ያለው ቅርብ ነው። ስለዚህ ትሮለሩ ይጠጋል፤ ለዚያውም ሌሊት። ድሃው የዘረጋው መረብ፣ ምናልባትም የሁለት ዓመት ዕዳው የሆነው መረብ፣ ተቆርጦ ያድራል። የባሰው ደግሞ ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ብዙ ዓሣ የሚራባበት ወቅት ነው። በዚያው ወቅት ቻካራ የሚሉት ነገር በአንዳንድ ዳርቻዎች ይፈጠራል፤ ከወለሉ የተነሳ ጭቃ ማዕበሉን አብርዶት ባህሩ እንደ ሐይቅ ይተኛል። የድሃው አስጋሪ የክረምት ጎተራ ይህ ነው። ትሮለሩ የሚመጣው እዚያ ጎተራ ላይ ነው።

በ1970ዎቹ ነገሩ ፈነዳ። በኬረላ፣ በጎዋና በማድራስ ዳርቻዎች ሰው ሞተ፤ ጀልባ ተቃጠለ። የመንግሥት ባለሥልጣናት «ኋላ ቀሮች ሥልጣኔን ተቃወሙ» አሉ። የታወቀ ቃል ነው፤ እኛም እንናገረዋለን።

እዚህ ላይ ቆም ብለን ወደ ኖርዌይ እንሂድ። የጽሑፌ ፍሬ ነገር ያለው እዚያ ነው።

በ1950ዎቹ ኬረላ ላይ ሞተር ያከፋፈለችው ኖርዌይ፣ በገዛ ባህሯ ሞተርን ዝም ብላ አልለቀቀችውም። የኖርዌይ አስጋሪዎች በ1926 ሀገር አቀፍ ማኅበራቸውን አቁመዋል። በ1930ዎቹ የዓሣ ዋጋ ሲወድቅ ተባብረው መንግሥትን አስጨንቀው ያዙ፤ በድምፅ ቁጥርም ቀላል ሰዎች አልነበሩም። በ1938 የጥሬ ዓሣ ሕግ የሚባለው ወጣ። የሕጉ መንፈስ አጭር ነው፤ ከጀልባ የወረደ ዓሣ መጀመሪያ የሚሸጠው በአስጋሪዎቹ በራሳቸው የሽያጭ ድርጅት በኩል ብቻ ነው፤ ዝቅተኛውን ዋጋ የሚቆርጡትም እነርሱ ናቸው። ነጋዴው አስጋሪን በዕዳ አስሮ ዓሣውን በርካሽ የሚወስድበት በር ተዘጋ። በዚያው አሥር ዓመት ትሮለርንም በፈቃድ አጥብቀው የሚገድቡ ሕጎች ወጡ፤ ምክንያቱም ትናንሾቹ ጀልባዎች የሚያኖሩት ብዙ መንደር ነበር።

ይኸውላችሁ እንግዲህ። የኖርዌይን አስጋሪ ሰው ያደረገው ሞተሩ ብቻ አልነበረም፤ ሞተሩንና ነጋዴውን የሚገዛው ሕግ ነበር፤ ከሕጉ በስተጀርባ ደግሞ ማኅበሩ። ወደ ኬረላ የመጣው የትኛው ነው? ሞተሩ። ሕጉ ኦስሎ ቀረ። ተንኮል ነበር አልልም። ማሽን በሣጥን ታሽጎ ይላካል፤ በሠላሳ ዓመት ጠብና ድርድር የተሠራ የሰዎች ስምምነት ግን በሣጥን አይላክም። የሚገርመው ደግሞ ላኪው ራሱ ሥልጣኔዬ ብሎ የሚያስበው ማሽኑን ነው እንጂ ስምምነቱን አይደለም። ስምምነቱ ከመልመዱ የተነሳ አይታየውም።

ኬረላዎቹ ታዲያ ምን አደረጉ? ሕጉን ራሳቸው ሠሩት።

የመጀመሪያው ምዕራፍ ማሪያናድ በምትባል የደቡብ መንደር ተጻፈ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የመንደሩ አስጋሪዎች ከቤተ ክርስቲያን የልማት ሠራተኞች ጋር ሆነው «ዓሣችንን ራሳችን እናጫርታለን» አሉ። ነጋዴዎቹ አደሙ፤ አንገዛም አሉ፤ ዛቻም ነበር። መንደሩ ግን አልተበተነም። ማኅበሩ አሸዋው ላይ ጨረታውን በእጁ አስገባ፤ ከእያንዳንዱ ቀን ሽያጭ ጥቂት በመቶ ለዕዳ፣ ጥቂት ደግሞ ለቁጠባ ይቆርጥ ጀመር። ብዙ ያገኘ ቀን ብዙ ይከፍላል፤ ባዶውን የተመለሰ ቀን ምንም አይከፍልም። እንደ ባህሩ የሚዋዥቅ የብድር ክፍያ ማለት ነው፤ ድርሻ የለመደ ሰው ብቻ የሚያስበው ዘዴ። ኖርዌይ በ1938 በሕግ ያደረገችውን እነዚህ ሰዎች በገዛ አሸዋቸው ላይ በስምምነት አደረጉት። በ1980 እንዲህ ያሉ የመንደር ማኅበራት ተሰባስበው የደቡብ ህንድ አስጋሪ ማኅበራት ፌዴሬሽን የሚባለውን መሠረቱ።

ሁለተኛው ምዕራፍ ትግሉ ነው። የአስጋሪዎቹ እንቅስቃሴ መጀመሪያ የካቶሊኮች ብቻ ነበር። በ1980 ግን ሃይማኖት የማይለይ፣ ከየትኛውም ፓርቲ ነፃ የሆነ የኬረላ አስጋሪዎች ፌዴሬሽን ሆነ። ጥያቄያቸው አንድ ነበር፤ ዓሣ በሚራባበት የክረምት ወራት ትሮል ይታገድ። አባ ቶማስ ኮቸሪ የሚባሉ ቄስ በ1981 ምግብ ትተው ጾሙ። በ1984 ደግሞ አንዲት መነኩሲት ለብዙ ቀናት ጾሙ። ለእኛ ጾም የግል መንፈሳዊ ጉዳይ ነው፤ ጋንዲ ሀገር ግን የፖለቲካ ቋንቋ ነው።

ሴቶቹንም አልረሳቸውም። ዓሣውን በጭንቅላታቸው ተሸክመው ገበያ የሚያደርሱት የአስጋሪ ሚስቶችና እናቶች ናቸው። አውቶቡስ አይጭናቸውም ነበር፤ ዘንቢሉ ይሸታል ተብሎ። የእኛ ወያላ ከነዶሮዋ የመጣች እናት ላይ ፊቱን ሲያዞር ያየ ሰው ይህን በደንብ ይረዳል። ሴቶቹ ተሰልፈው፣ ቢሮ ለቢሮ ዞረው በ1980ዎቹ መጀመሪያ በትሪቫንድረም አካባቢ ለዓሣ ሻጭ ሴቶች ብቻ የሚሠራ አውቶቡስ አስመደቡ። ትንሽ ነገር ይመስላል። ነገር ግን ዓሣው በሰዓቱ ገበያ ካልደረሰ የባሎቻቸው ሌሊት ከንቱ ነው። የባህሩን ግማሽ ሥራ የሚሠራው በየብስ ላይ ነውና።

መንግሥት እንደ ወጉ ኮሚቴ አቋቋመ። አንዱ ኮሚቴ አልስማማ ሲል ሌላ፣ ከዚያም ሌላ። በመጨረሻ በ1988 የክረምት ትሮል እገዳ ታወጀ። ባለ ትሮለሮቹ «ሞትን፣ ኤክስፖርቱ ወደቀ» ብለው ፍርድ ቤት ሄዱ። የህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1994 መንግሥት ዓሣውንም አነስተኛ አስጋሪውንም ለመጠበቅ ሲል እንዲህ ያለ ገደብ መጣል ይችላል ብሎ ወሰነ። ዛሬ እገዳው በየዓመቱ ለ52 ቀን፣ ከሰኔ መጀመሪያ ገደማ እስከ ሐምሌ መጨረሻ፣ በፈረንጅ ወር ማለቴ ነው፣ ይጸናል። ትሮለሮቹ በየወደባቸው ይታሰራሉ፤ ይጠገናሉ፤ ቀለም ይቀባሉ። እገዳው ሲነሳ የመጀመሪያው ቀን እንደ በዓል ነው፤ ጠግበው የሚመለሱትም ባለ ትሮለሮቹ ናቸው። እነዚያ «ኋላ ቀሮች» የተባሉት ሰዎች ያዳኑት የራሳቸውን እንጀራ ብቻ አይደለም፤ የተጣሏቸውንም ሰዎች እንጀራ አድነዋል። ሥልጣኔውን ማን ነበር የተቃወመው?

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ግን አያልቅም፤ ሰው ነዋ። ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባለ ግንዱም ሞተር ገዛ። ምን ያድርግ? ዓሣው ራቀ። ቀጥሎም ቀለበት መረብ የሚሉት መጣ፤ የዓሣ መንጋን ዙሪያውን ከብቦ በአንድ ጊዜ የሚያፍስ። በአንድ ጀልባ ሠላሳ፣ አርባ ሰው ይጫናል። የድሃው መሣሪያ ራሱ ፋብሪካ አከለ። በ2012 የኬረላ የሰርዲን ምርት 390,000 ቶን ገደማ ደርሶ ነበር። በ2021 ወደ 3,297 ቶን ወረደ። ስህተት አይደለም፣ ሦስት ሺህ። የባህሩ መሞቅና የአየር ጠባይ ለውጥ ትልቁን ድርሻ እንደያዙ ሳይንቲስቶች ይናገራሉ፤ ጫጩት ዓሣ ማውጣትም ተጨምሮበታል። ከዚያ ወዲህ ሰርዲኑ አገግሟል፤ ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች የሆነ ሰርዲን እንዳይያዝም ከ2015 ጀምሮ ደንብ አለ። ነገሩ የሚያስተምረው ግን አለ። የጋራ ስምምነት አንዴ ተሠርቶ የሚቀመጥ ሐውልት አይደለም። ማሽኑ በተለወጠ ቁጥር እንደ ካቱማራሙ ግንድ እንደገና መታሰር ይፈልጋል።

«ይህ ሁሉ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ ካለ ጣናን ያስታውስ። ለዘመናት በጣና ላይ የሚሠራው በደንገል ታንኳ ነበር። በ1986 ከኔዘርላንድስ በመጣ እርዳታ፣ በቤተ ክርስቲያናችንም ተሳትፎ፣ ሞተር ያላቸው ጀልባዎችና የናይለን መረቦች ባህር ዳር ገቡ። ይህም እንደ ኖርዌዮቹ በቅን ልብ የተደረገ ነበር፤ ብዙ ሰውም እንጀራ በልቶበታል። ነገር ግን በዓለም ላይ ከጣና በቀር የማይገኙት የነጭ ዓሣ ዝርያዎች በክረምት ለመራባት ወደ ወንዞቹ አፍ ሲሰበሰቡ መረቡ እዚያው ይጠብቃቸው ጀመር። ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 2001 ባለው አሥር ዓመት የዝርያዎቹ ብዛት በሦስት አራተኛ እንደወረደ ጽፈዋል። የኬረላ ክረምትና የጣና ክረምት አንድ ታሪክ ነው። ልዩነቱ፣ ኬረላ ላይ «ይብቃ» ብሎ አደባባይ የወጣው አስጋሪው ራሱ መሆኑ ነው።

ወደ ኬረላ ልመለስና ሁለት ነገር ነግሬያችሁ ላብቃ።

በነሐሴ 2018 ኬረላ በታሪኳ ካየቻቸው ጎርፎች እጅግ ከከፉት አንዱ መጣባት። መንገዱ ሁሉ ወንዝ ሆነ፤ የሀብታም ቤት እስከ ጣሪያው ጠለቀ። ወታደሩ ገና ሲዘጋጅ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን በጭነት መኪና ላይ ጭነው፣ ከባህር ወደ መሃል ሀገር ገሰገሱ። የመንግሥት አኃዝ ከ4,500 በላይ አስጋሪዎችና 669 ጀልባዎች ቢያንስ 65,000 ሰው እንዳወጡ ይናገራል። አንዱ አስጋሪ ሴቶች ጀልባው ላይ መውጣት ሲያቅታቸው ውሃው ውስጥ በአራት እግሩ ተንበርክኮ ጀርባውን ደረጃ አደረገላቸው። መንግሥት የቀን አበል ሲያስብላቸው አንወስድም ያሉ ነበሩ። የሸሹትን ያንን የዓሣ ሽታ በዚያ ሳምንት ስንቱ ተጠግቶ አቀፈው! ማን አዘዛቸው? ማንም። የለመዱትን ነው ያደረጉት። ባህር ላይ የሌላው ጀልባ ሲገለበጥ «የማን ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። ይህ ልማድ በየትኛውም ሚኒስቴር የሀብት ዝርዝር ውስጥ አልተመዘገበም፤ 65,000 ሰው ያዳነው ግን እርሱ ነው።

ሁለተኛው ነገር ወደቡ ነው። በደቡብ ጫፍ ቪዝንጃም በሚባል የአስጋሪዎች ከተማ ላይ በ2015 ትልቅ ጥልቅ ወደብ መሠራት ተጀመረ። ወደብ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለእኛ የሚነግረን አያስፈልግም። ህንድም እንደዚያው፣ ዕቃዋ በኮሎምቦ ወደብ በኩል እየተዘዋወረ መጫኑ አንገብግቧታል። አስጋሪዎቹ ግን የማዕበል መከላከያው ግድግዳ ከተጀመረ ወዲህ ባህሩ የእኛን አሸዋ እየበላ ነው አሉ። ሌሎች ባለሙያዎች ምክንያቱ ወደቡ አይደለም፣ ማዕበሉና አውሎ ነፋሱ ነው ብለው ተከራከሩ። ክርክሩ የትም ይድረስ፣ ቤታቸው የተወሰደባቸው ቤተሰቦች ዓመታት በሲሚንቶ መጋዘን ውስጥ በመጋረጃ ተከፋፍለው ኖረዋል። በ2022 አስጋሪዎቹ ከመቶ ቀን በላይ የወደቡን በር ዘግተው ተቀመጡ። በኅዳር ወር ነገሩ ወደ ብጥብጥ ተለወጠ፤ ፖሊስ ጣቢያ ተጠቃ፤ ብዙ ሰው ቆሰለ። አንዳንድ የአካባቢው ነዋሪዎች ደግሞ ወደቡን ደግፈው በተቃራኒ ተሰለፉ። በታኅሣሥ መጀመሪያ ሥራው ሳይቆም ተቃውሞው ቆመ። በግንቦት 2025 ወደቡ በጠቅላይ ሚኒስትሩ ተመረቀ።

በዚያው ወር መጨረሻ፣ ከዚያው ወደብ ተነስታ ወደ ኮቺ የምትሄድ ኤልሳ 3 የምትባል መርከብ 640 ኮንቴይነር እንደጫነች ሰጠመች። መርከበኞቹ ሁሉም ዳኑ። የጫነችው ጥቃቅን የፕላስቲክ ፍሬ ግን እንደ ዘር በደቡቡ አሸዋ ላይ ተበተነ። መንግሥት በአካባቢው ዓሣ እንዳይወጣ ከለከለ፤ ለተጎዱት ቤተሰቦችም አንድ ሺህ ሩፒና ስድስት ኪሎ ሩዝ ሰጠ። የአንዱ ኢንዱስትሪ ትርፍ በአንድ ደብተር፣ ኪሳራው በሌላ ሰው ደብተር ተጻፈ ማለት ይህ ነው። ድርሻ ያለመደ ኢንዱስትሪ እንዲህ ነው፤ ትርፉን ለብቻው፣ አደጋውን ለጋራ።

እኔ የወደብ ጠላት አይደለሁም፤ የሞተርም። ኬረላዎቹም አይደሉም፤ በሞተር እየሠሩ ነው ይህን ሁሉ የሚጠይቁት። ነገር ግን በየሐይቃችን ዳር፣ ዝዋይ ላይ እንዳሉት የአበባ እርሻዎች፣ አዲስ እንግዳ በመጣ ቁጥር የምንጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ስንት ሥራ ይፈጥራል? ጥያቄው ጥሩ ነው። ሁለተኛውን ግን አንርሳው። ጌቶቼ፣ እናንተ ሀገር ይህን ማሽን የሚገዛው ሕግ የቱ ነው? እርሱንስ ይዛችሁ መጥታችኋል? ካልመጣ፣ እንደ ማሪያናድ ሰዎች እኛው አሸዋችን ላይ እስክናስረው ድረስ ትንሽ ጊዜ ስጡን።